የሆላንዱ ሌባ

በሱዳን ወግ «ኡስታዝ» የሚባሉት ነጋዴው ኢዝዲን ሥራን የሚያምኑት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያዩት ብቻ ነበር። ካርቱም፣ ዐማራት ሰፈር ባለው የሰሊጥ ላኪ ድርጅታቸው ውስጥ ወንበሩ ላይ የተገኘ ሁሉ፣ ሲያንቀላፋ ቢውልም፣ ሠራተኛ ነው፤ ከወንበሩ የራቀ ደግሞ ሥራው ቢገድለውም ቦዘኔ ነው። እንዲህ ያለ አለቃ የሚያስተዳድረው ሰው ሳይሆን የቤት ዕቃ ነው። የድርጅቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ኢንዓም ይህን ፊት ለፊት ነግራቸው ታውቃለች። ያላባረሯት የድርጅቱን ኢሜይል ከእሷ በቀር በቅጡ የሚያውቅ ስለሌለ ነው።

አሁን ግን የምትለምናቸው ነገር መጣ። እናቷ ዘሃራ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ከሚኒባስ ስትወርድ ወድቃ፣ የተሰበረ እግሯን በጀሶ አስጠፍራ ሳጃና ሰፈር ቤታቸው ተኝታለች። አባቷ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ዘሃራን የሚያነሣትና የሚያስቀምጣት ከኢንዓም ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ እግሩ እስኪጠግን ከቤት ሆና ለመሥራት ጠየቀች። ኢዝዲን ተከራክረው ተከራክረው በመጨረሻ ፈተና ሰጧት። የሱዳን የሥራ ሳምንት በሚጀምርበት እሑድ ጠዋት ኢሜይል ይልኩላታል፤ ለፉጡር ከመነሣታቸው በፊት ከቤቷ መልስ ከደረሳቸው ቤቷ ትሁን፤ ካልደረሳቸው ሰኞ ቢሮ ትገባለች። ፉጡር ማለት ካርቱም ውስጥ ቢሮው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ረፋድ ላይ ፉል የሚከብበት ሰዓት ነው፤ ሰማይ ቢደፋ አይታለፍም።

እሑድ ጠዋት ኢንዓም እናቷን አጣጥባ፣ በትራስ ደግፋ አስቀመጠችና ላፕቶፗን ከፈተች። የድርጅቱ ኢሜይል የሚያልፍበት የቢሮው ሰርቨር አላስገባም አለ። የይለፍ ቃሏን ቀስ ብላ ፊደል በፊደል ጻፈች፤ መግባት አልተፈቀደልዎትም። ሐሙስ ዕለት ከዚሁ ቤት፣ በዚሁ ላፕቶፕ ያለ አንዳች ችግር ገብታበት ነበር።

ቢሮ ላለው ባልደረባዋ ለሙሀነድ ደወለች። ሰርቨሩ እንዴት ነው ብትለው፣ ከእኔ ይሻላል አላት። አጥፍተህ አብራው አለችው፤ አጠፋ፣ አበራ። እሷ ጋ ያው ነው። መብራት ተቋርጦ እንደሆነ ጠየቀች፤ አልተቋረጠም። ኢንተርኔቱስ ብትለው፣ የትናንቱን ኳስ እያየበት ነው። በዚህ ጊዜ ንዴቷ ገነፈለ። ባለፈው ስልክህን ቻርጅ ልታደርግ ገመዱን እንደነቀልከው ዛሬም ነቅለኸዋል ብላ ጮኸችበት። እሱም የተሰበረው የእናትሽ እግር ነው ወይስ ያንቺ ጭንቅላት ሲላት ዘጋችበት።

ዘሃራ ከትራሷ ላይ ሆና ታዳምጣለች። ካርቱም ስትኖር ጸጉሯ ሸብቷል፤ ልጇን የምትቆጣው ግን አሁንም በወሎ አማርኛ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ እየተሳደብሽ ማን በር ይከፍትልሻል? ደህና አድርገሽ አንኳኪ እንጂ።»

«እማ፣ ይሄ ማሽን ነው። ወላሂ፣ ሰላምታ አይገባውም።»

ወዲያው ሙሀነድ መልሶ ደወለ። ድምፁ የድል አድራጊ ነው። ከሆላንድ የተነሣ አንድ ሌባ ጠዋቱን ሙሉ ሰርቨሩን ክፈት እያለ ሲደበድብ እንደነበር ደርሶበታል። ያውም በኢንዓም ስም፤ የይለፍ ቃሏን ሳይቀር ያውቀዋል። ሙሀነድም ለአለቃው አመልክቶ፣ በእሳቸው ትእዛዝ ከውጭ የሚያስገባውን መንገድ ጨርሶ ዘግቶታል።

ኢንዓም ክው አለች። ያኔ በአሜሪካ ማዕቀብ የተነሣ ብዙ የኢንተርኔት ገጾች ሱዳን ነኝ ያለን ሰው ደጃፋቸውን አያስረግጡም ነበር። ኃያላን ይጣላሉ፤ ተቀጪዋ ኮምፒውተሯን ከቫይረስ ልትጠብቅ የፈለገች የሳጃና ልጅ ናት። ስለዚህ ካርቱም ውስጥ ኮምፒውተር የሚነካ ሁሉ ቪፒኤን ይጭን ነበር፤ ካርቱም የተቀመጠውን ሰው ሌላ አገር ያለ የሚያስመስል ፕሮግራም ነው። ኢንዓም ትናንት ጸረ ቫይረሷን ልታድስ ሆላንድን መርጣ ገባች፤ መውጣቱን ረሳችው። ከሱዳን ውጭ ያለን ሰው እንዳያስገባ ሰርቨሩን ያዘዘችው ደግሞ፣ የባሕር ማዶ ሌቦች ሲያስቸግሯት፣ ራሷ ናት።

«ሌባው እኔ ነኝ» አለች።

ሙሀነድ እስኪያስለው ሳቀ። ቪፒኤኑን ወዲያው አጠፋችው፤ ግን ምን ዋጋ አለው? የተዘጋው ያለ አለቃው ፈቃድ አይከፈትም። የፉሉ ሳህን ገብቶ ሽንኩርት እየተከተፈ እንደሆነ ሙሀነድ ነገራት። ሰርቨሩ ታሞ ነበር እንበላቸው፣ እኔ እመሰክራለሁ ሲልም አግባባት። እምቢ አለች። ሰው ሁሉ ለአለቃ ደስ የሚለውን ብቻ እየነገረ ነው አለቃን የሚያደነቁረው። ስጣቸው ስልኩን አለችውና ለኢዝዲን ነገሩን አንድም ሳታስቀር ተናገረች።

«ድርጅቴን ሰብሮ ሊገባ ሲታገል ያረፈደው አንቺ ነሽ፣ ያ ባሽሙሃንዲሳ?» አሏት፤ ለመሐንዲስ የሚሰጠውን የክብር ስም እያሾፉበት።

«እኔ ነኝ፣ ኡስታዝ።»

«በትክክለኛው ስም፣ በትክክለኛው የይለፍ ቃል?»

«አዎ።»

«አላስገባሽም?»

«አላስገባኝም።»

ኢዝዲን ሳቃቸውን ለቀቁት፤ ሙሀነድ እንኳ እንዲህ ሲስቁ ሰምቷቸው አያውቅም። ለካ ሰውዬው የሚፈሩት ለሠራተኛ የተከፈተ በር ለሌባም ይከፈታል ብለው ኖሯል።

«የሠራውን ሰው እንኳ የሚመልስ ዘበኛ! ለመጋዘኔ እንዲህ ያለ ስፈልግ ሸበትኩ። ክፈትላት፣ ያ ሙሀነድ። ፉሉ ሳይቀዘቅዝ ትመልስ።»

ተከፈተ። ገባች። የፈተናው ኢሜይል አንዲት ቃል ናት፤ «አለሽ?» ይላል። «አለሁ» ብላ መለሰች። በስልኩ በኩል ኢዝዲን መልሱን ጮክ ብለው ሲያነቡና ወዲያው ዳቦ ሲጠይቁ ሰማች።

«አበቃ፣ ፈቀዱልኝ፤ ቤት ልውል ነው» አለች ለእናቷ።

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲያው ወደ ጥላው አውጪኝ፣ ጀርባዬን አመመኝ።»

ኢንዓም እናቷን ለማንሣት ጎንበስ እንዳለች ላፕቶፑ ጮኸ፤ ኢዝዲን ፖርት ሱዳን ስላለው ጭነት ይጠይቃሉ። ቀና ሳትል ሌላ መጣ፤ ከዚያም ሌላ። ሰውዬው ሠራተኛን ፉል እየበሉም ማግኘት እንደሚቻል ዛሬ ገና ገባቸው። በአንድ ጣት «እናቴን ተሸክሜያለሁ፤ ይጠብቁ» ብላ ላከችና የዘሃራን ክንድ በትከሻዋ ላይ ጥላ፣ እየተሳሳቁ፣ እየተንገዳገዱ ወደ ግቢው ወጡ።