የሃያ ሳምንት ክትትል

መምህርቷ ልጅቱን ቢሮዋ ያስጠራቻት ልታመሰግናት ነበር። ልጅቱ ግን በሩን ከፍታ ስትገባ ጠረጴዛው ላይ ያንን ሰማያዊ ደብተር አየችና ደፉ ላይ ቆማ ቀረች።

«ቁጭ በይ እስቲ» አለቻት መምህርቷ። «ሐዘንሽ ገና እንዳልበረደ አውቃለሁ። ግን ሰኞ አዲሶቹ የሁለተኛ ዓመት ልጆች ኮርሱን ይጀምራሉ። ካለፈው ዓመት ስልሳ ደብተር ውስጥ ለናሙና የመረጥኩት ያንቺን ነው። ሃያ ሳምንት፣ አንድም የተዘለለ ቅዳሜ የለውም! አንቺው መጥተሽ እንዴት እንደሠራሽው ብትነግሪያቸው ከእኔ ጩኸት ይሻላል።»

«እኔ… ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም።»

«ለአባትሽም ማስታወሻ ይሆናል። አስቢበት።»

ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማችም። ለአባትሽ ማስታወሻ! አባቷን የቀበረው ያ ደብተር መሆኑን ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው በሕይወት አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ኮሌጅ ነርሲንግ የሚማር ሁሉ በሁለተኛ ዓመቱ «የሰው ልጅ ዕድገት» የሚባል ኮርስ አለበት። ሰው ከማሕፀን ጀምሮ እንዴት እንደሚያድግ፣ ኋላም እንዴት እንደሚጎብጥ የሚያስተምር ነው። የማርኩ ግማሽ ከፈተና፣ ግማሹ ከክትትል ደብተር ይመጣል። ተማሪው ዕጣ ያወጣል፤ ለአንዱ ሕፃን፣ ለአንዱ ጎረምሳ፣ ለአንዱ ነፍሰ ጡር ይደርሰዋል። የደረሰውን ዓይነት ሰው ፈልጎ ሃያ ሳምንት ሙሉ በየቅዳሜው ኪሎውን፣ የደም ግፊቱንና የልብ ምቱን ይለካል፤ ስለ እንቅልፉና ስለ ምግብ ፍላጎቱ ይጠይቃል፤ ይጽፍና ያስፈርማል።

ለልጅቱ አዛውንት ደረሳት። ፍለጋ አልወጣችም፤ አባቷ ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነበር።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲለካ ኖሮ በመጨረሻ እሱን የሚለካ ሰው በመገኘቱ ደስታውን አልቻለውም።

«እኔ የሰዉን ወገብ ሁለት ጣት ቀንሼ እየነገርኩ ነው ደንበኛ ያቆየሁት» ይላል። «አንቺም እንደ አባትሽ ደግ ሁኚ።» ጫማውን አውልቆ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ትንፋሹን ይይዛል።

«አባባ፣ ተንፍስ! ትንፋሽ ኪሎ የለውም።»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ፣ ዶክተሬ። አለፍኩ ወይስ ወደቅኩ?»

«ስልሳ ስምንት።»

«ከመቶ?»

እናቷ ከጓዳ ሆና ትስቃለች። አራት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ።

አምስተኛው ሳምንት ላይ የመድኃኒት ትምህርት ፈተና መጣ። ልጅቱ የምትኖረው ኮሌጁ አጠገብ ክፍል ተከራይታ ነው፤ የወላጆቿ ቤት በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ሚዛኑ ደግሞ የኮሌጁ ንብረት ስለሆነ ተሸክሞ ሄዶ ተሸክሞ መመለስ ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተክዛ ሳለች አብሯት የሚማር ልጅ አያት። ቀጭን በመሆኑና በሆነ ባልሆነው ስለሚግል «ቴርሞሜትር» ይሉታል።

«ማን ሞተብሽ?» አላት።

«ነገ አባቴን መለካት አለብኝ። ከሄድኩ ፈተናው ገደል ገባ።»

«ሽማግሌ በሳምንት ውስጥ ምን ይሆናል ብለሽ ነው? ሕፃን የደረሰኝ እኔ አለሁ አይደል እንዴ! ዞር ስል ጥርስ ያበቅልብኛል። አንቺ ያለፈውን ገልብጪና ትንሽ ነካ ነካ አድርጊው።»

ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ነካ ነካ አደረገችው።

«ለአንድ ሳምንት ነው» ብላ ነበር። ስድስተኛው ቅዳሜ ዘነበ። ሰባተኛው ቅዳሜ ደከማት። ከስምንተኛው ወዲህ ሰበብ መፈለጓንም ተወች። ውሸትም እንደ ማንኛውም ሙያ እጅ ይፈታል። ቁጥሩ አንድ ላይ ከቆመ እንደሚያስጠረጥር ገባት፤ ስለዚህ አንድ ሳምንት ግማሽ ኪሎ ትቀንሳለች፣ በሚቀጥለው ትመልሳለች። አንዱን ገጽ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ሌላውን በጥቁር ትጽፋለች። እንዲያውም አንድ ጊዜ «ጉንፋን ይዞት የምግብ ፍላጎቱ ቀንሶ ነበር፤ አሁን ተሽሎታል» ብላ ጻፈች። አባቷን ጉንፋን የሚባል ነገር አልጎበኘውም ነበር።

በወር አንዴ ቤት ስትሄድ አራቱን ገጽ አከታትላ ታስፈርመዋለች።

«ሚዛኑስ?» አላት የመጀመሪያውን ጊዜ።

«ዛሬ አልያዝኩትም፣ አባባ። ያው ነህ እኮ።»

አባቷ በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አያት። ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀብላት ፈረመ። «ያው ከሆንኩ ጥሩ ነው» አለ። «ልብስ ሰፊ ሲወፍር ደንበኛው ጨርቄን በላው ይላል።» ከዚያን ቀን ወዲህ ሚዛን የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

በአሥራ አራተኛው ሳምንት እናቷ ደወለች። «አባትሽ ሁለቴ ሳይጎርስ ጠገብኩ ይላል። ሆዴን ይነፋኛል ይላል። የተማርሽውን አንድ ነገር አድርጊ እንጂ!»

ልጅቱ አባቷን ወደ ኮሌጁ ክሊኒክ ወሰደችው። ኮሪደሩ ሰው በሰው ነበር፤ ሚዛኑ ያለበት ክፍል በር ላይ ሕፃን የታቀፉ እናቶች ተሰልፈዋል። ሐኪሙ ኮሌጁ ውስጥም የሚያስተምር፣ ሲናገር ሳቅ የሚቀድመው ሰው ነው። የአባቷን ሆድ ዳስሶ ሲያበቃ ከልጅቱ ቦርሳ ብቅ ያለውን ሰማያዊ ደብተር አየ።

«ይሄ የክትትል ደብተር አይደል? እስቲ አምጪው።»

ከመስጠት በቀር ምን ታድርግ? ሰጠችው። ሐኪሙ ገለጥ ገለጥ አደረገና ቅንድቡን አነሳ።

«ስልሳ ስምንት፣ ስልሳ ሰባት ተኩል፣ ስልሳ ስምንት… ግሩም ነው! ይሄ ሁሉ ተመዝግቦልኝ አባትን ከነዚያ እናቶች ጋር ምን ብዬ ላሰልፋቸው?» ከዚያ ጣቱን ቀሰረባት። «መቼም በትክክል ለክተሻል። ባለፈው ዓመት ቤታቸው ቁጭ ብለው ቁጥር የፈበረኩ ሦስት ልጆች ተባረዋል፤ ሰምተሻል አይደል?»

ለእሱ ጨዋታ ነበር። ልጅቱ ግን ፈራች። ከሚዛኑ የሚለያቸው ግድግዳ ብቻ ነበር፤ «ለማንኛውም ዛሬም ይመዘን» ማለት ይበቃ ነበር። እሷ ይህን ሳትል አባቷ ቀደማት።

«የኔ ልጅ?» አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «ቢዘንብ ቢያባራ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ትለካኛለች። ቁርሴን ሳልጨርስ ነው የምትደርስብኝ።»

ይህን ሲናገር ወደ ሐኪሙ እንጂ ወደ እሷ አላየም።

«እንግዲያው ኪሎ ካልቀነሱ ጨጓራ ነው» አለ ሐኪሙና መድኃኒት ጻፈ።

ወደ አውቶቡሱ ሲሄዱ አባቷ ክንዷን ያዝ አደረገ። «የሚቀጥለው ፈተናሽ መቼ ነው?» አላት። ነገ ሚዛን ይዤ እመጣለሁ ብላ በልቧ ማለች። ሲነጋ ግን ሌላ ሐሳብ መጣባት፦ ቀንሶ ቢገኝስ? ባለፈው ሳምንት ስልሳ ስምንት ብላ የጻፈችው ሰው ዛሬ ስልሳ ቢሆን ያንን ቁጥር የት ትጽፈዋለች? ደብተሩ እውነቱን የሚያስገባ ቦታ አልነበረውም። ሚዛኑን ሳትወስድ ቀረች። ደግሞም ጨጓራ ነው ተብሏል፤ ያውም በሐኪም።

ደብተሩ ከመቶ ዘጠና ሰባት አገኘ። ከዚያ ሁለት ወር ቆይቶ አባቷን ደም አስታወከው። ትልቁ ሆስፒታል ሲገባ መጀመሪያ ሚዛን ላይ አወጡት፤ ሃምሳ አንድ ኪሎ። ካንሰሩ ከጨጓራው አልፎ ጉበቱን ይዞት ነበር። «ቀደም ብሎ ቢመጣ ቀዶ ጥገና እንሞክር ነበር» ተባለች። አልጋው አጠገብ እየተቀመጠች ስንት ጊዜ ልትነግረው ቃጣት! «አባባ፣ እኔ እኮ…» ስትል «ትምህርት ቀረሽ እንዴ ዛሬ?» እያለ ወሬውን ያስቀይሳታል። እንዲህ ሲያስቀይሳት አረፈ።

ልጅቱ ከመምህርቷ ቢሮ እንደወጣች ወደ አባቷ ሱቅ ሄደች። እናቷ ደንበኞች ያልወሰዱትን ልብስ እየለየች ነበር። በየልብሱ ላይ በአባቷ እጅ የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት በስፒል ተይዛለች፤ «ክንዱ ይጠር»፣ «ወገቡ ይስፋ»፣ «ቅዳሜ ይወስዳል»።

«ምነው? ፊትሽ አመድ መስሏል» አለች እናቷ።

ልጅቱ ቆማ፣ የስፌት መኪናውን ጠርዝ ይዛ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረች። የቴርሞሜትርን ምክር፣ ሁለቱን እስክሪብቶ፣ የፈጠራ ጉንፋኑን፣ ክሊኒኩ ውስጥ የሆነውን። እናቷ እጇ ላይ የነበረውን ሱሪ አጣጥፋ ከሌሎቹ ላይ አኖረች።

«ቅዳሜ ቅዳሜ» አለች ቀስ ብላ፣ «ኮሌጅ ሄጄ ልለካ ብሎ ይወጣ ነበር። አውቶቡስ ሲሳፈር በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሦስት ሰዓት ቆይቶ ይመለሳል። ስንት ሆንክ ስለው፣ ስልሳ ስምንት፣ የሚያከሳኝ ያንቺ ዓይን ነው ይለኛል። ታዲያ ወዴት ነበር የሚሄደው?»

ልጅቱ አንገቷን ደፋች። እሷ ዘንድ አንድም ቅዳሜ አልመጣም።

«የራሱን ሱሪ ወገብ እዚህችው መኪና ላይ ሲያጠብ ደርሼበታለሁ። አንዴ አይደለም። ይሄ ሰው ከስቷል እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ ልጄ የጻፈችው ይዋሻል እንዴ እላለሁ። የገዛ ዓይኔን ካድኩልሽ!»

«እማዬ፣ ሰኞ ልናገር ነው። ክፍል ውስጥ፣ ተማሪዎቹ ፊት።»

«ያባርሩሻል?»

«ያባርሩኝ ይሆናል።»

እናቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ያ ሰው እኮ እንዳትባረሪ ብሎ ነው አፉን ዘግቶ የሞተው! አንድ ዓመት ቀርቶሽ አሁን ሄደሽ ልታፈርሺው? መናገር ካማረሽ ያን ዕለት፣ በነፍስ ሳለ፣ ምን ያዘሽ?»

«ፈራሁ።»

«አሁንስ ማን ጀግና አደረገሽ?»

«አሁንም እፈራለሁ» አለች ልጅቱ። «ግን ስልሳ ልጆች ደብተሬን አይተው ሊሠሩ ነው፣ እማዬ። መልኩ ያምራል፤ ይገለብጡታል። ከእነሱ አንዱ የሌላ ሰው አባት ላይ…»

እናቷ ከልብሱ ክምር አንድ ቀሚስ አነሳች፤ ወረቀቷን ነቀለች፤ መልሳ ሰካች።

«ይቅርታ ከእኔ አትጠብቂ» አለች በመጨረሻ። «ዛሬ የለኝም። ነገም ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም። መናገሩን ግን ተናገሪ። ደብተሩ ሁለተኛ ሰው አይብላ።» ቀሚሱን ወረወረችላት። «ይሄ የጎረቤታችን ነው፣ የሦስተኛው በር። ጨርሶታል። አድርሺላትና ወደ ቤትሽ ሂጂ፤ አሁን ላይሽ አልችልም።»

ሰኞ ጠዋት ክፍሉ ሞልቶ ጠበቃት። መምህርቷ «ከባድ ሐዘን ላይ ሆና እንኳ ልታግዛችሁ መጥታለች» ብላ አስተዋወቀቻት። አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። ልጅቱ ደብተሩን ይዛ ሰሌዳው ፊት ቆመች። ሌሊቱን ስታጠናው ያደረችው ንግግር በአንዴ ጠፋባት፤ የቀረው እውነቱ ብቻ ነበር።

«እስከ አራተኛው ገጽ ያለው ልክ ነው» አለች። «ከአምስተኛው እስከ ሃያኛው ያለውን ክፍሌ ቁጭ ብዬ ነው የጻፍኩት። አልለካሁም። አባቴ ሲታመም ሐኪሙ ይሄን ደብተር አይቶ አመነና ሳይመዝነው ቀረ። አባቴ ውሸቴን እያወቀ ሸፈነልኝ። እኔም አጠገቡ ቆሜ ዝም አልኩ። ሞቷል።»

ከኋላ አንዱ የትምህርቱ አካል መስሎት ሳቀ፤ ጎኑ ያለው በክርኑ ጎሸመው። መምህርቷ ከወንበሯ ተነሳች።

ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች ተማሪ የሚባለውን ሁሉ ስትጽፍ ቆይታ ነበር። እጇን አወጣች። ድምፅዋ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ማስታወሻዋ እንዳይጎድልባት የምትፈልግ ጎበዝ ተማሪ ናት።

«ታዲያ አባትሽ ሐኪሙ ጋ የሄዱ ቀን ትክክለኛው ኪሎ ስንት ነበር?»

ልጅቱ ይህን ጥያቄ ራሷን ጠይቃ አታውቅም ነበር። ስልሳ ሁለት? ሃምሳ ዘጠኝ? ለአፍታ አንድ ቁጥር፣ ለማመን የሚቀርብ ቁጥር፣ ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ። ልማዷን አውቃ አፈረች።

«አላውቅም» አለች። «ማንም አያውቅም። ባዶውን ተዪው።»

ተማሪዋ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ላይ አነሳች። መምህርቷ እጇን ዘረጋች፤ ልጅቱ ደብተሩን ሰጠቻትና ቢሮዋ በር ላይ ልትጠብቃት ወጣች።