የስንቄ ክታብ

ልጆቼ፣ ትምህርቴ ከዳዊት አላለፈም። ቢሆንም አንዲት ቃል እህቴን እንደወሰደችብኝ አውቃለሁ።

ያን ጊዜ ጃናሞራ ነበርን፤ እኔ ሰባት ዓመቴ፣ እህቴ ስንቄ አሥራ አንድ። የፈንጣጣ ከታቢዎች ዳገቱን ወጥተው እናቴን፣ «ልጆችሽ ተከትበዋል?» አሏት። እናቴ ክትባት ሰምታ አታውቅም። ክታብ ግን ደብተራው ጽፎልን አንገታችን ላይ አስራልናለች።

«እንዴታ፣ ሁለቱም» አለቻቸው። እኛ ወንዝ ወርደን ነበርና ክንዳችንን ያየ የለም። አምነው አለፉ።

በወሩ ፈንጣጣው ሁለታችንም ላይ ወጣብን። ከመንደሩ ራቅ ያለች ጎጆ ውስጥ ለዩን። ስንቄ ራሷ እየነደደች በሻሿ እጄን ታስረኛለች። «አትቧጨር፣ ነገ ሙሽራ ትሆናለህ፤ ፊትህ ያስፈልግሃል» ትለኛለች።

እኔ ተረፍኩ። እሷን ፈንጣጣ ወጥቶላቸው የዳኑ ሁለት ሰዎች ቀበሯት። ቄስ አልቀረበም፣ ፍትሐት አልተደረገላትም። እናቴ የስንቄን ክታብ ተርትራ፣ ከገላዋ የረገፈ ቅርፊት ጨምራ ሰፋችና በእኔ አንገት አሰረችው።

ከእህቴ ያለኝ ያ ብቻ ነበር። አድጌ ፍትሐት ላስደርግላት ስል፣ አገኘሁ የሚባሉት ቄሳችን የክርስትና ስሟን ጠየቁኝ። አላውቀውም። እናቴም አርፋለች። ስሙ ያለው ክታቡ ውስጥ ነው፤ ደብተራ ክታብ ሲጽፍ የባለቤቱን የክርስትና ስም ያስገባል። ብፈታው ግን ቅርፊቷ እንደ ዱቄት ይበተንብኛል እያልኩ፣ ዛሬ ነገ ስል እሷ ከሞተች ሃምሳ ዓመት አለፈ።

አምና ጥቅምት፣ እዚህ ደባርቅ፣ በጎቼ ታመሙ። በበግ ፈንጣጣ ላይ የምትመራመር ሃና የምትባል የእንስሳት ሐኪም መጣች። ከአንዷ ጠቦት ጆሮ ሥር ቅርፊት አንስታ ብልቃጥ ውስጥ ከተተች።

«ይኼ ለምን ይሆናል?» አልኳት።

«ይነበባል፣ አያ ዋሴ። በሽታው ከዳባት ገበያ ይምጣ ከበየዳ፣ ቅርፊቱ ይነግረናል። ብዙ ዓመት ቢቆይም።»

«የሰውም ይነበባል?»

ክታቡን ከጋቢዬ ሥር አወጣሁና ነገሩን አጫወትኳት። ዘርግታው የነበረውን እጇን ሰበሰበች።

«አይፍቱት፣ አባቴ። የሰው ፈንጣጣ ከዓለም ጠፍቷል። እንዲህ ያለ ቅርፊት ሲገኝ ማስታወቅ ግዴታችን ነው። ውስጡ ያለው በሽታ እስካሁን የሞተ ይመስለኛል፤ ግን በይመስለኛል የልጅ ልጅ አይታቀፍም።»

«ምን ታደርጉታላችሁ?»

«ሳይቃጠል አይቀርም።»

ባለቤቴ ዘርፈሽዋል ከበሩ ሆና፣ «እንግዲህ ስጣት። ይህን ሁሉ ዘመን ጣውንት ችዬ ኖርኩ» አለች። ልታስቀኝ ነው፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

የልጅ ልጄ ታቅፌያት የክታቡን ማሰሪያ ስትነክስ ታየኝ። አወለቅሁት። ሃና አዲስ ጓንት አጥልቃ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ ዕቃ አቀረበችልኝ።

«ሳታቃጥሉት ስሟን አንብቡልኝ» አልኳት። «ሌላ አልጠይቅም።»

«እጠይቅልዎታለሁ። ቃል ግን አልገባም።»

ጥር ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ሃና ናት። ለዚህ በተሠራ ቦታ፣ በመስታወት ውስጥ ከፍተው ጽሑፉን ፎቶ አንስተውታል። ቅርፊቱም ክታቡም ከዚያ በኋላ ተቃጥሏል።

«ብል በልቶታል፣ አያ» አለችኝ። «'ወለተ' ይላል፤ መካከሉ የለም፤ መጨረሻው 'ኤል' ነው።»

ቄስ አገኘሁ ዘንድ ሄድኩ። «ወለተ ሚካኤል ትሆናለች» አሉ፤ «ወይ ገብርኤል።»

«ሩፋኤልም አለ፣ አባ። ዑራኤልም።»

«እግዜር የራሱን ያውቃል፣ ዋሴ።»

«እሱስ ያውቃል። እሷ ግን ስሟ ሳይጠራ ይህን ያህል ቆይታለች። በሁሉም ይጥሩልኝ።»

እሺ አሉ። እሑድ ማለዳ ፍትሐቱ ተደረገ። አራቱን ስም አንድ በአንድ ጠሩ፤ እኔም በየስሙ እሷ ትሆን እያልኩ ጆሮዬን ሰጥቼ ቆምኩ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ሌላ ይኖራል?»

«ወለተ አማኑኤል ገና አልተባለችም» አልኳቸው።