የጥላው ቀይ አበባ

ጠብ… ጠብ… ጠብ።

ድምፁ የሚመጣው ከበረንዳው የእንጨት ወለል ስር ነበር። ሳሎን የተቀመጡት ለቅሶ ደራሾች ወሬያቸውን ገታ አድርገው አዳመጡ፤ አንዱ ቧንቧ ሳይፈነዳ አልቀረም አለ። የአናጢው እህት ግን ነገሩ ገብቷት የሻይ ፔርሙሱን አስቀምጣ ወጣች። ወንድሟ የውኃ ማጠጫውን ይዞ የአበባ ሳጥኖቹ ላይ አጎንብሷል። ከነጋ ሲያጠጣቸው ይህ አምስተኛው ነው።

«በቃህ እባክህ፤ አሰጠምካቸው እኮ» አለችው ቀስ ብላ።

«ትናንት ቀና ብለው ነበር።»

ቀና አላሉም ነበር። ሚስቱ ዐሥር ቀን ታማ ከተቀበረች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። በታመመችባቸው ቀናት አበቦቹን ዞር ብሎ ያያቸው አልነበረም፤ ቅጠላቸው ወየበ፣ አበባቸውም ወለሉ ላይ ረገፈ። እሷን ማትረፍ አልቻለም። እነዚህንም ካላተረፈ ምን እንደሚሆን ራሱም አያውቅም።

በረንዳውን የሠራው እሱ ነው። መጋዝ ሁለት ጣቶቹን ከወሰደበት በኋላ ዓመት ሙሉ እንጨት አልነካም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ነበር የሚውለው። አንድ ቀን ግን ተነሳና ሚስቱ ልብስ ከምትሰፋበት መስኮት ፊት ለፊት በረንዳ አቆመ፤ ዳር ዳሩንም ሳጥን መታለት። የጎረቤቱ ግንብ ፀሐዩን ሲከልለው እንደሚውል ያስተዋለው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። አንዲት አበባ ሻጭ መጥታ ዙሪያውን አየችና ለእንዲህ ያለ ጥላ የሚያዋጣው ቅጠል ነው አለች፦ ላባ የሚመስለው ፈርን፣ ባለሰፊ ቅጠሎቹ፣ አበባ የግድ ከሆነም ነጩ ቤጎኒያ። አናጢው ቀዩ ጄራኒየም ካልሆነ ብሎ አሻፈረኝ አለ።

«ጋሼ፣ እሱ ፀሐይ ካላገኘ ወር አይቆይም።»

«እሷ ከስፌቷ ቀና ስትል ቀይ እንድታይ ነው የሠራሁት። ቅጠልማ የትም አለ።»

ሚስቱ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «መዶሻዬ ካለ አለ ነው፤ ስጪው» አለቻት።

አበቦቹም ቆዩ። ወር አለፈ፣ ዓመት አለፈ፣ ጥላው ውስጥ እንደቀሉ ናቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር አናጢው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የአበባ ሻጯን አላዋቂነት ይተርካል። ሚስቱም ከመስኮቱ ወዲያ፣ «አንተን ፈርተው ነው የሚያብቡት» ትለዋለች።

እህቱ ማጠጫውን ከእጁ ወሰደችበት። ልታጽናናው ፈልጋ፣ «ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው» አለች። «ዝናብ ቢሆን እንኳ ቅዳሜን እኔ ጋ ሳትመጣ ቀርተህ አታውቅም።»

«እሷ ናት የምትልከኝ። ሂድ እህትህን ጠይቃት፣ ቶሎ እንዳትመለስ ትለኛለች።»

ይህን እያለ ውኃው ሥሩ ጋ መድረሱን ሊያይ ጣቱን አፈሩ ውስጥ ሰደደ። አንድ የሚያንሸራትት ነገር ነካ። አፈሩን ጫር ጫር ሲያደርገው የችግኝ ላስቲክ ነው። እሱ ደግሞ ሲተክላቸው ላስቲኩን አንድ በአንድ ቀዶ ጥሎታል፤ ደህና አድርጎ ያስታውሳል። ሁለተኛውን ቆፈረ፣ ሦስተኛውን ቆፈረ። ሁሉም ከነላስቲካቸው ናቸው።

የግቢው በር የተከፈተው ያኔ ነው። አበባ ሻጯ ለምለም ቀያይ ችግኞች በካርቶን አቅፋ ገባችና ጥቁር የለበሱትን ሰዎች ስታይ ደርቃ ቀረች። የነገራት አልነበረም። እህትየው ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር አለቻት። ካርቶኑን መሬት አስቀምጣ ጥቂት አለቀሰች፤ ከዚያ የአናጢውን ጭቃ የነካ እጅ አየች።

«በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ እርስዎ ሲወጡ እየመጣሁ እንለዋውጣቸው ነበር» አለች። «የደከሙትን ወስጄ ፀሐይ ላይ አቆያቸዋለሁ፣ ሲያገግሙ እመልሳለሁ። ባለቤትዎ እንዳልነግርዎ አስምላኝ ነው።»

«ለምን?»

«እጁ ወደ ሥራ ሲመለስ መጀመሪያ የሠራው ነው፣ እዚህ ላይ የሚሞት ነገር እንዲያይ አልፈልግም ትለኝ ነበር። ላስቲኩ እንዳይታይ አፈሩን በአውራ ጣቷ የምትጫነው እሷው ናት።»

አናጢው ሳጥኖቹን አየ። አፈሩ ልስልስ ጭቃ ሆኗል። የጣቷን ምልክት ሦስት ቀን ሙሉ በገዛ እጁ ሲያጥበው ኖሯል። ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው እየሄደ ፈለገ፤ ተንበርክኮ በዳዴ ቀጠለ። መጨረሻ ያለውን ሳጥን ለእንግዳ የመጡት ወንበሮች ተቆልለው ጋርደውት ነበር፤ በጭንቀቱ ረስቶት አንድም ጠብታ አልደረሰውም። ወንበሮቹን ወዲያ ገፋቸው።

አፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከግንዱ አጠገብ ግን አንዲት ትንሽ ጎድጓዳ አለች፣ የአውራ ጣት ልክ።

ችግኙን ከነላስቲኩ ቀስ ብሎ አነሳው።

«ይስጡኝ ጋሼ፣ ፀሐይ ካገኘ ይተርፋል» አለች አበባ ሻጯ እጇን ዘርግታ።

አልሰጣትም። ደረቱ ላይ አስደገፈው። ሦስት ጣት ብቻ የቀረውን እጁን፣ አፈሩን ሳይነካ፣ ጎድጓዳዋ ላይ እንደ ክዳን ደፋ። በተነሱለት ሰዎች መሐል አለፈ።

«ወዴት ነው? ጫማህን እንኳ…» አለች እህቱ።

በባዶ እግሩ ከግንቡ ጥላ ወጥቶ፣ በሩን ክፍት ትቶ ፀሐይ ወዳለበት ሄደ።