ሦስት ጊዜ የታጠፈ ካርቶን

የክፍሉን ሙቀት እየለካ ኤሲውን የሚያበራና የሚያጠፋው ቴርሞስታት ለአምስተኛ ጊዜ ቀጭ አለና ከጣሪያው የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ተቋረጠ። ካቻቪቴዋን በጥርሷ እንደያዘች ሰዓቷን አየች። ኤሲው አሁንም ሁለት ደቂቃ ብቻ ሠርቶ ጠፋ።

የቆመችው መኪና ውስጥ ነው፤ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ አልጋ፣ ጠረጴዛና ምድጃ ተገጥሞለት እንደ ቤት የሚኖሩበት ረጅም መኪና። አልጋው ላይ አባቷ በጀርባቸው ተኝተዋል። የልብ ቀዶ ጥገና ካደረጉ ሦስት ሳምንታቸው ነው። ሐኪሙ ለጉዞው እሺ ያለው በስንት ልመና ሲሆን፣ በአንድ ቃል አስሯቸዋል፤ የተኙበት ክፍል ሙቀት ሠላሳ ከገባ ያለ ምንም ክርክር ወደ ሆስፒታል ይመለሳሉ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችው የሙቀት መለኪያ ሃያ ዘጠኝ ትላለች። ውጭ፣ መኪናውን ባቆመችበት የነዳጅ ማደያ ግቢ፣ አስፋልቱ ከመጋሉ የተነሳ ጫማ ይይዛል።

ገና የአምስት ሰዓት መንገድ ይቀራቸዋል። በመንገዱ መጨረሻ የአባቷ አንድያ እህት በሞት አፋፍ ላይ ናት። ወንድምና እህት ሆድና ጀርባ ከሆኑ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ያኔ እናታቸው ስታጣጥር አክስቷ ደውላ ብትጠራቸው፣ አባቷ «የያዝኩትን ማሽን ልጨርስና እመጣለሁ» አሉ። ጨርሰው ሲደርሱ መቃብሩ አፈር ለብሷል። አክስቷም ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጥ አለቻቸው። ዛሬ ጠዋት ግን የአክስቷ ልጅ ደውላ፣ «ወንድሜ መጣ ወይ እያለች ነው። ነገን የምታይ አይመስለኝም» ብላለች።

«እናንተ ሰዎች» አሉ እናቷ ባላቸውን በጋዜጣ እያራገቡ፣ «የአገሩን ፍሪጅ ሁሉ ስትጠግኑ ኖራችሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።»

እውነታቸውን ነው። አባቷ ሠላሳ ዓመት ማቀዝቀዣ ሲጠግኑ የኖሩ፣ ሰፈሩ «በረዶ» ብሎ የሚጠራቸው ሰው ናቸው። ሙያውንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ቴስተር አያያዙን፣ የሽቦ አላላጡን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳይፈትሹ አለመፍረድን። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይሏት ነበር፣ ቸኩላ የፈታችውን ነገር እንደገና እያስገጠሙ።

ፊውዙን አየች፤ ደህና ነው። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ለካች፤ ደህና ናቸው። የቴርሞስታቱን ክዳን ሦስት ጊዜ ከፍታ ዘጋች።

«የኤሲው መቆጣጠሪያ ካርድ ሞቷል» አሉ አባቷ፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳይገልጡ። «መለዋወጫውን እዚህ አታገኚም። እንመለስ ልጄ።»

ዞር ብላ አየቻቸው። ሳይለኩ፣ ሳይነኩ፣ ካርዱ ሞቷል። ነገሩ ከነከናት፤ ነገር ግን መለኪያዋ ሃያ ዘጠኝ ተኩል ስለገባች ለሐሳብ ጊዜ አልነበራትም። ከቴርሞስታቱ ሁለት ሽቦዎች ነቅላ አገናኘቻቸው። ኤሲው ተነሣ። ሁለት ደቂቃ አለፈ፣ ሦስት አለፈ፤ አልጠፋም።

«ኤሲው ጤነኛ ነው» አለች። «እየነዳሁ እማዬ ሽቦዎቹን ታገናኛለች፣ ትለያያለች። ቀስ እያልን እንደርሳለን።»

«ኮምፕረሰሩን ታቃጥሉታላችሁ! ተይ አልኩሽ!» አሉ አባቷ። ሽቦዎቹን አለያየቻቸው፤ ኤሲው ቆመ።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሽቦ አገናኝተው ስንቱን የደንበኛ ምግብ ከመበላሸት ያዳኑት እኚሁ ሰውዬ ናቸው። እናቷም ደነገጡና መለኪያዋን አዩ። «ሠላሳ ሞላ። በቃ፣ ለሐኪሙ ልደውል» ብለው ስልካቸውን አነሱ።

እሷ ካቻቪቴውን አስቀምጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሲጨንቅሽ እጅሽን ሰብስበሽ ተቀመጪ ያሏት አባቷ ናቸው። ከአባቷ ራስጌ ያለው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴርሞስታት አሥራ ሰባት ይላል። ከሱ ሁለት ክንድ የማይርቀው ጠረጴዛ ላይ ሠላሳ ነው። የመዳፏን ጀርባ ቴርሞስታቱ ላይ አሳረፈች። ቀዘቀዛት። ግድግዳውም ቀዝቅዟል። እጇን ቅዝቃዜው ወደመጣበት እያስከተለች ወደ ላይ ወሰደችው፤ ጣሪያው ላይ ያለው የአየር መውጫ ጋ ደረሰች። አልጋው ላይ ወጥታ ጣቷን አስገባች። ካርቶን። አየሩን ሁሉ ወደ ቴርሞስታቱ እንዲነፍስ አድርጎ የሚመልስ ካርቶን ተወሽቋል። ቴርሞስታቱ አልዋሸም፤ ለሱ ክፍሉ በርዷል፣ ስለዚህ ኤሲውን ያጠፋል።

«እማዬ፣ ይሄን የወሸቅሽው አባዬን ብርድ ይመታዋል ብለሽ ነው?»

«እኔ? ቁመቴን አታይም እንዴ? እዚያ ላይ እጄ ይደርሳል?»

ካርቶኑን መዝዛ አውጥታ ገለበጠችው። ከመድኃኒት ፓኮ የተቆረጠ፣ ሦስት ጊዜ የታጠፈና ጫፉ ወደ ውስጥ የገባ ነው። ይህን አስተጣጠፍ ከሕፃንነቷ ጀምራ ታውቀዋለች። አባቷ የሚንቀጠቀጥ ማሽን እግር ሥር የሚያስገቡት ካርቶን ሁሌም እንዲህ ነበር የሚታጠፈው። ጠዋት እሷና እናቷ ውሃ ለመቅዳት ሲወርዱ፣ እጃቸውን ከትከሻ በላይ እንዳያነሱ የተከለከሉት ሰው፣ ገና ያልጠገገ ደረታቸውን ይዘው አልጋው ላይ ቆመው ወሽቀውታል ማለት ነው።

«እማዬ፣ ስልኩን ዝጊው» አለች።

አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

«ስፌቱ ቢፈታስ አባዬ?» አለች፣ ከንዴትም ከፍቅርም። «ያኔም ማሽን ነበር ምክንያትህ።»

«ፈራሁ» አሉ በመጨረሻ። «ዓይኗን እያየሁ ምን እላታለሁ?»

«መጣሁ ትላታለህ።»

ሽቦዎቹን ወደ ቦታቸው መልሳ ክዳኑን አጠበቀች። ካርቶኑን ግን አልጣለችውም። የአባቷን እጅ ይዛ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችው።

«ኤሲው አሁን ይሠራል። ሐኪሙ ያለውን አልረሳሁም፤ ሙቀቱ ካልወረደ እመለሳለሁ። ከወረደ ግን ወሳኙ አንተ ነህ።»

ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ሁለት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ቀጭ የሚል ድምፅ አልተሰማም። «ሃያ ሰባት» አሉ እናቷ ከኋላ። መኪናውን አስነሥታ እስከ ግቢው በር ነዳች። በግራ ወደ ሆስፒታሉ፣ በቀኝ ወደ አክስቷ ይወስዳል። ፍሬቻ አላበራችም። ከኋላዋ የቆመ የጭነት መኪና ጥሩንባ ነፋባት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ። የአክስቷ ልጅ ናት። እናቷ ስልኩን ይዘው ለማንሳት ፈሩ።

«ስጪኝ» አሉ አባቷ።

በመስተዋቱ አየቻቸው። በክርናቸው ተደግፈው ቀና ብለዋል፤ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው የልጅቱን ድምፅ ሳይጠብቁ ተናገሩ።

«መጣሁ በያት።»

አባቷ ስልኩን እንደያዙ መልስ ይጠብቃሉ፤ ካርቶኑ በሌላ እጃቸው ተጨማድዷል። እሷ መልሱን አልጠበቀችም። መሪውን ወደ ቀኝ አዞረች።