ከሙኒር ድምፅ በስተኋላ

ረቢአ የሻርፗን ጫፍ ፈትታ የሞቱ ንቦቿን ቶፊቅ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈቻቸው። ንቦቹ ከተፈታታ ሞባይል ብሎኖች ጋር ተደባለቁ። ቶፊቅ መበየጃውን እንደያዘ ቀና አለ። ከሚሴ አውራ ጎዳናው ዳር በተከራያት ጠባብ ሱቅ ሞባይልና ቴፕ የሚጠግን ታናሽ ወንድሟ ነው። ቁጣዋን ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚያውቅ መጀመሪያ ያደረገው ነገር የጋለውን መበየጃ ከአጠገቧ ማራቅ ነበር።

"ማል ተኤ፣ እቴ? ምን ተፈጠረ?"

"ምን ተፈጠረ ትለኛለህ? እያቸዋ! ዛሬ ጠዋት ነው የረገፉት። ከቀፎው ሥር በመጥረጊያ ጠርጌ ነው የሰበሰብኳቸው። ከኒሰ ኮ! ንቦቼን!" ድምጿ ሊሰበር ሲል በቁጣ አቃናችው።

በዚያ ጥቅምት አንበጣው ከአፋር ቆላ ተነስቶ ባቲን ተሻገረና ረቢአ የምትኖርበት የጨፋ ሸለቆ ማሽላ ገና እሸት ሳለ ደረሰበት። ሰው ቆርቆሮ ደበደበ፣ ጅራፍ አጮኸ፣ ዱአ አደረገ። ኋላ ኬሚካል የሚረጭ አይሮፕላን ሲመጣ ሁሉም አልሐምዱሊላህ አለ። ረቢአም ብላለች። አይሮፕላኑ ይቅር ያለ ሰው የለም፤ ባሏ አብዱልጀሊል የዘራው ማሽላ ነው ቤቱን ዓመት የሚያሻግረው። ነገር ግን አይሮፕላኑ ከመርጨቱ በፊት ቀፎ መዘጋት፣ ከብትም ከመስክ መግባት አለበት። ይህን የመንገር ሥራ የተሰጠው ለቀበሌው የግብርና ሠራተኛ ለሙኒር ነው።

ሙኒር ደግሞ ሲነግር ያለ ቀኑ፣ ሲተው በቀኑ ሆነ። አንዴ "ነገ ነው" ብሎ ሁሉንም ቀፎ አስዘጋ፤ አይሮፕላኑ ሌላ ቦታ ዋለ። በጨፋ ሙቀት ተዘግቶ የዋለ ቀፎ የማር እንጀራው ይቀልጣል፣ ንቡም ታፍኖ ያልቃል። ረቢአ ከቀለጠው የተረፉትን አስታማ ቀፎውን በከፈተች ማግስት አይሮፕላኑ ያለ ማስጠንቀቂያ ከተፍ አለ። ታዲያ ምን ታድርግ? ብትዘጋ ሙቀቱ ይፈጅባታል፣ ብትከፍት መርዙ። ሴት ልጇን ሰልማን ከሚሴ የምታስተምረው በእነዚሁ ንቦች ማር ነው፤ አሁን የቀሯት ቀፎዎች ካለቁ የሰልማም ትምህርት አለቀ።

"ለሙኒር አልደወልሽለትም?" አለ ቶፊቅ።

"ስልኬን አያነሳም። ቢሮው ድረስ ሄድኩ። 'እትዬ ረቢአ፣ በሞንታርቦ አስነግረናል' አለኝ፣ ዓይኔን እያየ! የትኛው ሞንታርቦ? የሞንታርቦዋ መኪና ነዳጅ አልቆባት እንደቆመች ውሻው ሳይቀር ያውቃል። እናቱ የታመመች ጊዜ ማን ቤት በልቶ ያደገ ይመስልሃል? ማሬን ልሶ ያደገ ልጅ ወላሂ ይዋሸኛል?"

"ተረጋጊ እንጂ።"

"አልረጋጋም! ያን ሬዲዮ አውጣው።"

ቶፊቅ በሩን ገርበብ አደረገው። ሬዲዮው ባቲ ገበያ ከአንድ ነጋዴ የገዛው፣ የጥበቃ ሰዎች ወገባቸው ላይ የሚሰኩት ዓይነት ርካሽ መነጋገሪያ ነው። የአይሮፕላን መስመርም አለው ተብሎ ነበር የተሸጠለት፤ በኢድ ለእህቱ በኩራት አሳይቷት ነበር። ያን ቀን ግን ከሽሽታ በቀር ምንም አላሰማቸውም።

"እቴ፣ ይሄ ነገር ፈቃድ የለውም። ከተያዘ ሱቄ ይታሸጋል፣ እኔም አብሬ እታሸጋለሁ። ደግሞ በአይሮፕላኑ መስመር መስማት እንጂ መናገር አይችልም።"

"እኔ መች መናገር አማረኝ? አብራሪው ከሙኒር ጋር የሚያወራውን ልስማ። መምጣቱን ካወቅኩ እዘጋለሁ፣ አለዚያ አልዘጋም። በቃ።"

"ስምሽንም ስሜንም እንዳታነሺ ማዪልኝ።"

"ወላሂ።"

ሬዲዮው ሲከፈት ጮክ ብሎ የወጣው የሠርግ ዘፈን ነበር።

"አብራሪው ሊያገባ ነው እንዴ?" አለች ረቢአ።

ቶፊቅ ሳይወድ ሳቀ። የኤፍኤሙ ማሰራጫ ቅርብ ስለሆነ ጉልበቱ በርካሹ ሬዲዮ ውስጥ ገብቶ የራቀውን ድምፅ እንደሚውጠው፣ ጭራ የምታክለው የላስቲክ አንቴናም ለአይሮፕላን መስመር እንዳልተሠራች ነገራት። የላስቲኳን ነቅሎ እስከ ጣሪያው የሚደርስ ረጅም ሽቦ ቀጠለበት። ዘፈኑ ባሰበት።

"ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ እኮ!" ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች፤ ብሎኖቹም ንቦቹም ዘለሉ። "ሙሽራዋን ልታሰማኝ ነው የተቀመጥኩት?"

"አስረዘምኩት ማለት ነው። የረዘመ ሁሉ አይሰማም። ቱሪ፣ ጠብቂ።"

ሽቦውን በፒንሳ እየከረከመ አንድ ክንድ ከስንዝር ላይ አደረሰው። ከአሮጌ የዲሽ ኬብልም ዘፈኑን የሚውጥ ቁራጭ ቆርጦ ከአንቴናው ሥር ጎን ለጎን በየደው፤ የቁራጩ ጫፍ የትም ሳይታሰር እንዲሁ ተንጠለጠለ። ትንሽ ሲያሳጥረው ዘፈኑ እንደ ራቀ ሠርግ እየደከመ ሄዶ ጠፋ። ከዚያ የቀረው ሽሽታ ብቻ ነበር። ጠበቁ። የአስር ሶላት ደርሶ፣ ሰግደው ተመልሰው ሲጠብቁ ከሽሽታው ውስጥ የሰው ድምፅ ብቅ አለ፤ በጣም ከፍ ብሎ የሚያልፍ አይሮፕላን አብራሪ በባዕድ ቋንቋ ያወራል። ረቢአ ሬዲዮውን ላፍ አድርጋ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው፤ ድምፁ ጠራ። ስታስቀምጠው ጠፋ። ስታነሳው ተመለሰ።

"አየሽ፣ አንቺን ወደደሽ" አለ ቶፊቅ ዓይኑ እያበራ። "ከላይ ሽቦ ሰጠሁት፣ ከታች ግን ጅራት የለውም። አንቺ ስትይዢው ሰውነትሽ ጅራት ሆነለት።" ከሬዲዮው ብረት ላይ ሌላ ሽቦ አስሮ ወደ ታች ለቀቀው። አሁን ጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጡትም አብራሪው ማውራቱን ቀጠለ።

"ከፍ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ነገ ለሱብሂ መንደርሽ እመጣለሁ" አለ ቶፊቅ።

በማግስቱ ሰማዩ ሲቀላ ሁለቱ ከመንደሩ በላይ ባለችው ጉብታ፣ የመስጊዱን ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ማታ የመጣው የአንበጣ መንጋ ከቦርከና ወንዝ ወዲህ ባለው ማሽላና ግራር ላይ አድሯል፤ ግራሩ ከክብደቱ ጎብጧል። ሙኒር የቢሮውን ሬዲዮ ይዞ ከጉብታው ግርጌ፣ ማሽላው ጫፍ ላይ ቆሟል። ሼህ ሙሀመድኑር እንደ ልማዳቸው ሱብሂ አሰግደው በመስጊዱ ሞንታርቦ ዚክር ያሰማሉ። ረቢአ ሌሊቱን ስለ ቀፎዎቿ ስታወጣ ስታወርድ አድራ ክፍት ትታቸዋለች፤ ፀሐይ ስትነካቸው ንቦቹ መውጣት ይጀምራሉ።

"መሬት፣ መሬት" አለ ሬዲዮው። የአብራሪው ድምፅ ረጋ ያለ ነበር። "ቦርከናን እያየሁት ነው። ይሰማል?"

"በደንብ ይሰማል" አለ ሙኒር።

ቶፊቅ የእህቱን ክንድ ያዘ። ከሙኒር ድምፅ በስተኋላ የሼህ ሙሀመድኑር ዚክር ይሰማል፤ ከጣሪያው ይወጣል፣ በሙኒር ሬዲዮ ዞሮ እነሱ እጅ ላይ ይደርሳል። "ሼሁም አይሮፕላን ላይ ተሳፈሩ" አለ ቶፊቅ በሹክሹክታ።

ረቢአ አልሳቀችም። አይሮፕላኑ መጣ ማለት ነው። ወደ ቀፎዎቿ ልትሮጥ ተነሳች።

"ነዋሪው ተነግሮታል? ቀፎ ተዘግቷል? ከብት ገብቷል?" አለ አብራሪው።

"ሁሉም ተነግሮታል። ቀፎው ተዘግቷል፣ ከብቱም ገብቷል።"

የረቢአ እግር ካለበት ቀረ። ከታች የጎረቤቷ የዘሊካ ላሞች ወደ ወንዙ እየወረዱ ነው፤ ከኋላቸው ልጆች አሉ። የሌላዋ ጎረቤቷ የኡምኩልሱም ቀፎዎች ከዛፉ ላይ እንደተከፈቱ ናቸው። ማን ተነገረ? ማን ዘጋ? ሬዲዮውን ከቶፊቅ ነጥቃ ቁልፉን ጨምቃ "ውሸታም!" ብላ ጮኸችበት።

"አይሰማሽም፣ እቴ። አልኩሽ እኮ።"

"አንድ ዙር ዞሬ እጀምራለሁ" አለ አብራሪው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ያን ጠዋት ጆሮ ነገሩን ሁሉ ለባለቤቷ አመጣላት፤ የጠፋው አፍ ነበር። ብትሮጥ የራሷን ቀፎዎች ትደርስባቸዋለች። የኡምኩልሱምንስ? ልጆቹንስ? ሞንታርቦውን ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያም ሙኒርን፤ ከዚያም እጇ ላይ ያለውን፣ ቅድም ዚክር ያሰማውን ሬዲዮ።

"ቶፊቅ፣ ሼሁ የሚሉት አብራሪው ጋ ይደርሳል አይደል?"

"ሙኒር ቁልፉን ሲጫን ብቻ..." አለና ያሰበችው ገባው። "እቴ፣ ማልሽልኝ እኮ!"

"አንተ ይሄን ይዘህ በሩ ላይ ቁም። ሙኒር ሲጫን እጅህን አንሳ።"

ጫማዋን አውልቃ የድምፅ ማጉያው ወዳለበት ጓዳ ገባች። ሼህ ሙሀመድኑር ዚክራቸውን አቋርጠው ዞሩ።

"ያ ረቢአ፣ ምነው ልጄ?"

"አይሮፕላኑ ሊረጭ ነው፣ ሰው አልተነገረውም። ማይኩን ይስጡኝ፣ አላህ ይስጥዎት።"

ሽማግሌው ፊቷን አዩ። በሩ ላይ የቆመውን ቶፊቅንም፣ እጁ ላይ ሽቦ የተንዘረፈፈበትንም ሬዲዮ አዩ። ማይኩን ሰጧት።

"ቀፎ ዝጉ!" የረቢአ ድምፅ በሸለቆው ላይ ወረደ። "ከብት አስገቡ! ልጆቹን ከወንዙ አውጡ! አይሮፕላኑ ደረሰ!" ከታች ዘሊካ ከቤቷ ስትወጣ፣ ልጆቹ ላሞቹን ሲመልሱ ቶፊቅ ከበሩ ላይ አየ። አይሮፕላኑ ከሰሜን በኩል ዝቅ ብሎ እየመጣ ነበር።

"መሬት፣ ይሄ የማየው ሩጫ ምንድን ነው? ከብቱ ገብቷል አላልክም?"

ሽሽታው ተቋረጠ። ሙኒር ሊመልስ ቁልፉን ተጭኗል። ቶፊቅ ለአንድ አፍታ አመነታና እጁን አነሳ።

"አልተነገረንም!" ረቢአ ባለ በሌለ ኃይሏ ጮኸች። "አንተ ሰማይ ላይ ያለኸው፣ አልተነገረንም! ቀፎው ክፍት ነው! ልጆች መስክ ላይ ናቸው!"

ቃሏ ከጣሪያው ወጣ፣ ከሙኒር በስተኋላ ገባ፣ ቶፊቅ እጅ ካለው ሬዲዮም ቀጥኖ ተሰማ። አይሮፕላኑ አፍንጫውን ቀና አደረገ።

"አቋርጫለሁ" አለ አብራሪው፤ አሁን ድምፁ የረጋ አልነበረም። "ሰንበቴ ከተማ አጠገብ ያደረውን መንጋ ረጭቼ እመለሳለሁ። እስከዚያ ቀፎው እንዲዘጋ። ሴትዮዋ ማን ናት?"

ሙኒር ቁልፉን እንደገና ተጫነ። ከዚያ ድምፁ መጣ፣ "አላውቃትም። የሰፈሩ እብድ ብጤ ናት።"

ቶፊቅ ራሱን ነቀነቀ። መዳፉን ዘርግቶ "በቃ፣ ተይው" አላት በምልክት። እውነቱን ነው፤ የፈለጉት ተገኝቷል። አይሮፕላኑ ሄዷል፣ ሸለቆው በሙሉ ወደ ቀፎው እየሮጠ ነው። አሁን ማይኩን መልሳ ብትወጣ በሞንታርቦ የጮኸችው አንዲት ሴት ብቻ ትሆናለች፤ ስለ ሬዲዮውም የሚጠይቅ አይኖርም።

ረቢአ ማይኩን ልትመልስ ዘረጋችው። ሼሁ ሊቀበሏት እጃቸውን ሲዘረጉ መልሳ ወደ አፏ አስጠጋችው።

"አላውቃትም አልክ፣ ሙኒር?" ይህን ጊዜ አልጮኸችም። "ረቢአ ሰይድ ነኝ። እናትህ ታማ በተኛችበት ክረምት እንጀራና ማር ያበላሁህ ረቢአ። ውሸትህን የሰማሁበት ሬዲዮም የኔ ነው፤ የሌላ የማንም አይደለም። የሚጠይቀኝ ካለ ቤቴን ታውቀዋለህ።"

ማይኩን ለሼሁ መለሰች፣ ጫማዋን አጠለቀችና ቀፎዎቿን ልትዘጋ ቁልቁል ሮጠች።