ከሰማያዊው የውሃ ጋን ጀርባ

ጧት ፎቶውን ስከፍተው ያየሁት የቀኙን ገጽ ብቻ ነበር። የግራውን ልብ ያልኩት ከምሳ በኋላ ነው።

ደንበኛዬ ምቢንያ ቀሚሷ ሁለት ቀን ስለዘገየባት፣ ሰው ስለ ሱቆች አስተያየት በሚጽፍበት ድረ ገጽ ለስፌት ቤቴ አንድ ኮከብ ሰጥታ «ውሸታም ሰፊ» ብላኛለች። ለማስረጃ የልኬት ደብተሬን ፎቶ ለጥፋለች። ልትጮህብኝ የመጣች ዕለት ገልጬ ያሳየኋት እኔው ነኝ። በቀኝ የእሷ ቀጠሮ አለ። በግራ ደግሞ የሌላዋ ደንበኛዬ የሲዮካው ስም፣ ስልኳ፣ ቤቷ፦ «ከሰማያዊው የውሃ ጋን ጀርባ፣ ሁለተኛው በር።» ማቻኮስ ከተማ ውስጥ በእኛ ሰፈር የቤት ቁጥር የለም፤ ልብስ የሚያደርሰው ሞተረኛ እንዳይሳሳት እንዲህ እጽፋለሁ።

ሲዮካው ክንዷን ከሰበራት ባሏ አምልጣ እኛ ከተማ ከገባች አራት ወሯ ነው። ያለችበትን አያውቅም።

ከአስተያየቱ ሥር «የሲዮካውን ገጽ አሁኑኑ አጥፊ!» ብዬ ጻፍኩ።

ልጄ ሙቴኡ ስልኩን ነጠቀችኝ። «እማ! ስሟን ጻፍሽው እኮ! አሁን ስሟን የፈለገ ሁሉ ያገኘዋል!»

የጻፍኩትን አጠፋነው። ለድረ ገጹም አመለከትን። «በሦስት ቀን ውስጥ እንመለከተዋለን» የሚል መልስ መጣ። ሦስት ቀን! ባሏ እዚህ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ይበቃዋል።

ገበያ ሄድኩ። ምቢንያ የሰልባጅ ጫማዋን ደርድራ ተቀምጣለች።

«ኮከቤ አሯሯጠሽ አይደል?» አለችኝ።

«ኮከብሽን እዚያው ተዪው! ውሸታም በዪኝ፣ ሌባ በዪኝ። ፎቶውን ግን አጥፊው! ይቺን ልጅ ባሏ ያገኛትና ደሟ በእጅሽ ይሆናል!»

ስልኳን አውጥታ አየች። ፊቷ ተለወጠ። «ይሄን... አላየሁትም፣ ማማ ሙቴኡ።»

«ካሜራሽ አይቶታል!»

ፎቶውን እዚያው አጠፋችው። ግን እሷ ናትና፣ «ጽሑፉ ይቆያል፤ መዘግየቱንስ ዘግይተሻል» አለች።

«ይቆይ። ዘግይቻለሁ።»

ግን ስንት ሰው አይቶታል? ማን ለማን ልኮታል? እግሬ በቀጥታ ወደ ውሃ ጋኑ ወሰደኝ። ሲዮካው በሯ ላይ ልብስ ታሰጣለች። ነገርኳት።

«ለአንቺ ብቻ ነበር የነገርኩሽ» አለች። «ደብተር ላይ ጻፊው አልኩሽ?»

 ቀጥላም፣ ከሰዓት በኋላ የማታውቀው ቁጥር ሁለቴ ደውሎ ዝም እንዳላት ነገረችኝ።

«ልብስሽን ሰብስቢ። እኔ ቤት ታድሪያለሽ። ነገ አብረን ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን።»

«አልመጣም!»

«ቁጣሽን እኔ ቤት ትጨርሺዋለሽ፤ ተነሽ!»

እርጥቡን ልብስ ጭምር ጠቅልላ ተከተለችኝ።  መንገዱን ሙሉ ሰው በሞተር በመጣ ቁጥር ዞር ስል ነበር። ቤት ስንደርስ ሙቴኡ ፍራሽ አንጥፋ ጠበቀችን። ሲዮካው እንዳኮረፈች ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች።

ቁልፉን ሁለቴ አዞርኩት። መቀርቀሪያውንም ገፋሁት።