ሽማግሌ ያልላከው ባላባት

ወይዘሮ አሰፋሽ በወርቃማ ወረቀት የተለበጠውን ዘውድ ደፍተው ሲቀመጡ ከፊታቸው ቆምኩ። በስደት በምንኖርባት ቻምብሊ ከተማ ካለው መደብራቸው ጀርባ፣ የበርበሬ ካርቶን በተደረደረበት አዳራሽ፣ ለማኅበራችን በዓል የጻፍኩትን ቴአትር እየተለማመድን ነበር። እሳቸው የጥንት የእንግሊዝ ንግሥት ናቸው። እኔ ግጥም እየገጠመ፣ ወርቅ ፍለጋ ባሕር እያቋረጠ፣ ቤተ መንግሥት ደጅ የሚጠና ባላባት ነኝ። ባላባቱ የንግሥቲቱን ደንገጡር ተደብቆ አገባና ግንብ ውስጥ ታሰረ። ከስንቱ ታሪክ ይህንን ምን አስመረጠኝ? በገዛ እጄ ገመዴን ገመድኩ።

ደንገጡሯ ኑሃሚን ናት፤ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ወይዘሮ አሰፋሽ ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ። ከሦስት ወር በፊት ፍርድ ቤት ሄደን ተፈራርመናል። አሁን አርግዛለች። እሳቸው ይህን አያውቁም። አምና ተደብቆ ያገባውን የወንድማቸውን ልጅ ዛሬም ስሙን አይጠሩትም። በእሷም ላይ በራቸውን እንዳይዘጉባት ፈራሁ።

«ልምምዱ ሲያልቅ እነግራቸዋለሁ» አልኳት በሹክሹክታ።

«ጀስት ሪላክስ አድርግ። የቴአትሩን ላይንህን እንዳትረሳ።»

ተንበረከክሁ። ወይዘሮ አሰፋሽ የራሳቸውንም የእኔንም ቃል ሸምድደውታል፤ ቁልቁል እያዩ ጠበቁኝ።

«ግርማዊት ሆይ፣ በድያለሁ። ይቺን ልጅ አግብቻታለሁ...» ቀጥሎ ያለው ጠፋኝ። አፌ ግን አላቆመም። «ሽማግሌ ሳልልክ።»

ወታደር ሆኖ የሚያስረኝ ኢሳያስ ሳቀ። «የእንግሊዝ ባላባት ሽማግሌ ይልካል እንዴ?»

ወይዘሮ አሰፋሽ አልሳቁም። እኔን አዩ፣ ኑሃሚንን አዩ። እሷ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አቀርቅራለች።

«ኢሳያስ፣ አንዴ ውጣልን» አሉ። በሩ ሲዘጋ ዘውዱን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«የምትልከው ሰው አጥተህ ነው?»

«እዚህ አገር ዘመድ የለኝም እትዬ። ሥራ ያስገቡኝ፣ ቤት ያገኙልኝ እርስዎ ነዎት። ሽማግሌ ብልክ የምልከው እርስዎን ነበር።» አፈርኩ፤ ግን እውነቴን ነው።

ዘውዱን ጭናቸው ላይ አዟዟሩት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ኑሃሚን ቀና ብላ ለማየት አልደፈረችም።

«ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም» አሉ በመጨረሻ። «ዛሬ ሂድ። እሁድ ቤቴ ትመጣለህ።»

«ማንን ይዤ?»

«እኔን። ውጭ መኪናዬ ውስጥ እጠብቅሃለሁ፤ አብረን በሬን እናንኳኳለን።»